የስኳር ሕመምና የማስታወስ ኃይል መድከም

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግራችን ርእስ ያደረግነው የስኳር ሕመም በሰው የማስታወስና የማሰብ ኃይል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። አንዳንዶቻችሁ «እድር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ሐኪሞች አይደለንም። ዕድሜያችንን ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ያሳለፍን፣ ትምህርታችንም ከመጀመሪያ ደረጃ ያላለፈ ጡረተኞች ነን። ይሁንና እድራችን ጡሩንባ ሲነፋ ብቻ የሚነሣ ማኅበር አይደለም። በሽተኛ ይጠይቃል፣ ያዘነ ያጽናናል፣ የተቸገረ ይደግፋል። በሽተኛ የሚጠይቅ ማኅበር ደግሞ በሽታውን ጥቂት ቢያውቀው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ስለዚህ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ጠይቀን፣ ልጆቻችንም በውጭ አገር የታተሙትን ጥናቶች እያነበቡ ወደ አማርኛ መልሰውልን ያገኘነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። በመጨረሻም ጉባኤው እንዲወስንበት የምናቀርበው ሐሳብ ስላለ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

መርሳት ሁሉ በሽታ አይደለም

በየሰፈሩ «እገሌ እኮ ጃጀ» ሲባል እንሰማለን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ያልቃል። ሐኪም ዘንድ የሚወስደው የለም፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ዕድሜ ነው ይባልና ሰውየው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አንዳንዱ ደግሞ እርግማን ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ሁለቱም አባባል ያው ነው፤ መፍትሔ የለውም ብሎ በር ይዘጋል።

እንግዲህ መለየት ያለብን ነገር አለ። ሰው ሲያረጅ ቶሎ ቶሎ አያስታውስም። መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፣ የሰው ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ሆኖ ይቀርበታል፣ በኋላ ግን ትዝ ይለዋል። ይህ የዕድሜ ነው፤ እኛም አለብን። የሚያሠጋው ሌላ ነው። አንድን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ መጠየቅ፣ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ መጥፋት፣ የዳቦ መልስ ቆጥሮ መቀበል ማቃት፣ ዕድሜ ልክ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ቅደም ተከተሉን ማጣት ነው። በቡና አፈላላቸው የታወቁ እናት አቦሉን ቀድተው ሳይጨርሱ ቡና እንዳልተፈላ ቢቆጥሩና እንደገና ሊቆሉ ቢነሡ፣ ይህ ዝንጋታ ብቻ አይደለም። ጠባይ መለወጥም አለበት፤ ዝምተኛው ቁጡ ይሆናል፣ ተጫዋቹ ከሰው ይሸሻል። እንዲህ ያለው ነገር ወራት እየቆጠረ ከባሰ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሌላም ማወቅ ያለብን አለ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ቢዘባርቅ፣ አፉ ቢጣመም፣ እጅ እግሩ ቢሰንፍ፣ ይህ የስትሮክ ወይም የሌላ አጣዳፊ ሕመም ምልክት ነው። በስኳር ታማሚ ላይ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ይህ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባልበት አይደለም። ስኳሩ ወዲያው ይለካ፤ ሰውየውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይድረስ።

ስኳር አንጎልን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሚባለው ብዙውን ጊዜ በጎልማሳነትና በእርጅና የሚመጣው ሲሆን፣ ከስኳር ታማሚዎች አብዛኛዎቹ ይህ ነው ያለባቸው። ቆሽታችን የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ከደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነታችን የሚያስገባ በር ከፋች ነው። በዚህ ሕመም ሰውነታችን ለኢንሱሊን እሺ አልል ይላል፤ ውሎ አድሮም ቆሽት ይደክማል። ስኳሩም ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ከሚፈጀው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ምግብ የሚያመላልሱለት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር፣ በተለይም ደም ብዛት ከታከለበት፣ እነዚህን ቀጫጭን ሥሮች ያደነድናል፣ ያጠብባል፣ አንዳንዱንም ይዘጋል። ስኳር የዓይንን ብርሃንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ሁላችንም ሰምተናል። አንጎልንም የሚጎዳው በአመዛኙ በዚያው መንገድ ነው። ሰውየው ሳይወድቅና ሳያውቀው ትንንሽ የስትሮክ ጠባሳ በአንጎሉ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

በመዝገብ ቤት ለሠራን ሰዎች ነገሩ በቀላሉ ይገባናል። ፋይሉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ነገር ግን ፋይሉን የሚያመጣው ተላላኪ መተላለፊያው ተዘግቶበታል። ስለዚህም በስኳር የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚታይበት መርሳት ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ይዘገያል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ያቅተዋል፣ ማቀድና ሒሳብ መሥራት ይከብደዋል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ራሱ ፋይሉም መጥፋት ይጀምራል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በኔዘርላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ሽማግሌዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው ከሌላቸው ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም አደጋው ከግማሽ ያላነሰ ጭማሪ እንዳለው ያሳያሉ። ስኳሩ ቀደም ባለ ዕድሜ፣ ማለትም ስድሳ ዓመት ሳይሞላ የጀመረው ሰው አደጋው ይበልጥበታል፤ ሥሮቹ ለብዙ ዓመታት ተጎድተዋልና። ነገር ግን ይህን የሰማ የስኳር ታማሚ ሁሉ ተስፋ አይቁረጥ። አደጋው በዛ ማለት የግድ ይደርሳል ማለት አይደለም። ብዙ የስኳር ታማሚዎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አእምሯቸው እንደ ምላጭ እንደ ሰላ ይኖራሉ።

አደጋውን የሚያባብሱ ነገሮች

ታዲያ አንዱ ሲጎዳ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? ልንለውጣቸው የማንችላቸው ነገሮች አሉ። ዕድሜና የዘር ውርስ ከእነዚህ ናቸው። በልጅነት ትምህርት ማነስም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። እኛ አራተኛ ክፍልና ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆምነው ይህን ስናነብ ትንሽ ደንገጥ ማለታችን አልቀረም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታወቁ የዓለም ሊቃውንት ያወጡት ሪፖርት እንደሚለው፣ ሊከላከሏቸው የሚቻሉ 14 ምክንያቶች አሉ፤ እነዚህን ሁሉ ማስወገድ ቢቻል በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከአሥራ አራቱ አንዱ ራሱ የስኳር ሕመም ነው። ከቀሩት ውስጥ በሰፈራችን የምናያቸውን በየተራ እንጥቀስ።

አንደኛው ደም ብዛት ነው። ደም ብዛትና ስኳር እንደ ሁለት ወንድማማቾች አብረው ይሄዳሉ። ደም ብዛት አያምም፣ አያሳክክም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ደህና ነኝ» እያለ መድኃኒቱን ያቋርጣል። በስኳር ታማሚ ላይ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ለደካማ አዛውንት ግን መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በቻይና አገር በ326 የገጠር መንደሮች፣ ደም ብዛት ባለባቸው ወደ 34,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሟል። ከመንደሮቹ በግማሾቹ ተራ የመንደር ጤና ሠራተኞች እየተከታተሉ ደም ብዛቱን በደንብ እንዲያወርዱ ተደረገ። ከአራት ዓመት በኋላ በእነዚያ መንደሮች የመርሳት በሽታ ከሌሎቹ በ15 በመቶ አንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ይህን የሠሩት ትልልቅ ፕሮፌሰሮች ሳይሆኑ የመንደር ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ትምባሆና አልኮል ናቸው። ትምባሆ ስኳር የጀመረውን የደም ሥር ጉዳት ይጨርሰዋል። አረቄና ጠጅ ሲበዛ አንጎልን በቀጥታ ይጎዳል፤ የስኳር መድኃኒት ወስዶ ባዶ ሆድ መጠጣት ደግሞ ስኳሩን በድንገት ያወርዳል።

ሦስተኛው መቀመጥ ነው። ጡረታ ወጣን ብለን ከበር ወንበር ላይ መነሣት አቁመናል። በፊንላንድ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። አመጋገባቸውን ያስተካከሉ፣ አካላቸውንና አእምሯቸውን ያሠሩ፣ የደም ብዛትና የመሳሰለው ክትትል የተደረገላቸው፣ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ አእምሯቸው በተሻለ ሁኔታ ተገኝቷል። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ በእግር መሄድ ነፍስን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ይጠቅማል።

አራተኛው ጆሮና ዓይን ነው። የማይሰማ ሰው ጨዋታው ያመልጠዋል፤ ጨዋታው ያመለጠው ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ያለ አእምሮ ደግሞ ይዝጋል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ሳያመውም ቢሆን በየዓመቱ ዓይኑን መታየት አለበት።

አምስተኛው ኀዘንና ብቸኝነት ነው። የስኳር ታማሚዎች በድብርት የመያዛቸው ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። ድብርት ራሱ ሰውን እንደ ረሳ ያስመስለዋል፤ ሲታከም ግን ብዙ ይመለሳል። የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩትን አባላት እዚህ ላይ እናስብ።

ስድስተኛው ከአሥራ አራቱ ውስጥ ያልተቆጠረ፣ ብዙ ሰውም የማያውቀው ነው። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ኪኒን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12 የተባለውን ንጥረ ነገር ሊያሳንስ ይችላል። ይህ ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ አእምሮም ይደክማል። በምርመራ ከታወቀ በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። ስለዚህ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ሐኪሙን «ቢ 12 ይታይልኝ» ይበል እንጂ በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

ስኳር ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ሲያንስም

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት ወደምንፈልገው ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን የስኳር ጠላቱ መብዛቱ ብቻ ይመስለናል። «ባወረድሁት መጠን እድናለሁ» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንጎል ያለ ስኳር ደቂቃዎችን እንኳ መቆየት ያቅተዋል።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ 16,667 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ሐኪም ቤት የገቡ ሰዎች፣ ይህ ካልደረሰባቸው ይልቅ በኋላ በመርሳት በሽታ ሲያዙ ታይተዋል። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የደረሰባቸውማ አደጋቸው ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ሌላም አለ። በአሜሪካና በካናዳ ከ10,000 በላይ በሚሆኑ ታማሚዎች ላይ በተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ ለግማሾቹ ስኳራቸውን እስከ ጤነኛ ሰው መጠን ለማውረድ ብርቱ ሕክምና ተሰጣቸው። ነገር ግን በዚያ ወገን የሞቱት በዝተው ስለተገኙ እ.ኤ.አ. በ2008 ያ ብርቱ ሕክምና እንዲቆም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤትም ከመካከላቸው ወደ 3,000 የሚጠጉት በማስታወስና በማሰብ ተፈትነው ብርቱው ሕክምና ብልጫ አላስገኘላቸውም። ስለዚህ ቁም ነገሩ ልክን ማወቅ ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ አይተው፣ ለጠንካራው አዛውንት ከ7 እስከ 7.5 በመቶ በታች፣ ለደከመውና ለሚረሳው ደግሞ ከ8 በመቶ በታች ቢሆን ይበቃል የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። አዛውንቱ መርሳት ከጀመረ ቤተሰቡ ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ መድኃኒቱ ይቀነስ ይሆናልና።

የስኳር መውረድን በብዛት የሚያመጡት ኢንሱሊንና ግሊቤንክላሚድ የተባለው ኪኒን ናቸው። አሁን የሚሆነውን ተመልከቱ። ሰውየው መርሳት ጀምሯል። ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ መውሰዱን ይረሳል፤ ደግሞ ይወስዳል። ወይም መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ መብላቱን ይረሳል። ስኳሩ ይወርዳል፤ አንጎሉ ይጎዳል፤ ይበልጥ ይረሳል። ነገም ያንኑ ይደግማል። መርሳቱና የስኳሩ መውረድ እንዲህ እርስ በርሳቸው እየተመጋገቡ ሰውየውን ይጨርሱታል። ይህን ቀለበት ሊቆርጠው የሚችለው ከጎኑ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ስኳር የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ ይዘባርቃል፣ ይቆጣል። የሰከረ ይመስላል። በመንገድ ላይ እንዲህ ሆኖ ሰካራም ነው ተብሎ የታለፈ ሰው አለ። በመሣሪያ ቢለካ ከ70 በታች ይሆናል። መሣሪያ ከሌለ ጊዜ ሳይጠፋ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መስጠት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲነቃም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ማሮጥ ነው።

ጾምን በሚመለከትም አንድ ቃል እንበል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ያዝናሉ። የነፍስ አባትን ወይም ሼኹን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የምንመክረው ቀላል ነው። መድኃኒቱን የሚሰጥ አንድ ሰው በቤቱ ይመደብ፤ ዛሬ ልጅ፣ ነገ የልጅ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ሠራተኛ ከሆነ ይደበላለቃል። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መድኃኒቱ በተወሰደ ቁጥር ምልክት ማድረግ ይረዳል፤ እኛ የቢሮ ሰዎች የገቢና ወጪ መዝገብ የምንለው ዓይነት ነው። ሥጋና ቅባት፣ ጨውና ጣፋጭ ይቀነስ፤ ጎመንና ጥራጥሬ ይበርታ። እንጀራው ራሱ እንዲቀር ሳይሆን እንዲመጠን ነው። በሻይ ውስጥ አራት ማንኪያ የሚጨምር ደግሞ እርሱ ራሱን ያውቃል። በክትትል ቀን አዛውንቱን ብቻቸውን አንላክ፤ ሐኪሙ የነገራቸውን እስከ በር ሳይደርሱ ይረሱታል። ሰውየው ራሱ ብዙውን ጊዜ «ምንም አልሆንሁም» ስለሚል፣ ያየነውን ለሐኪሙ የምንናገር እኛ ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና አናፍርበት።

እድራችንስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ስሙን በማንጠራው በአንድ እድር የሆነውን እናውቃለን። አንድ የስኳር ታማሚ የነበሩ አባት ለሃያ ስምንት ዓመት አንድም ወር ሳያጓድሉ መዋጮአቸውን ሲከፍሉ ኖሩ። ከዚያ በተከታታይ ስድስት ወር ሳይከፍሉ ቀሩ። ደንቡ እንደሚያዘው ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው፤ ወረቀቱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ስማቸው ተሰረዘ። በዓመቱ ዐረፉ። ባለቤታቸው ድንኳን ሲጠይቁ «ከመዝገብ ወጥተዋል» ተባሉ። ጎረቤት አዋጥቶ ቀበራቸው። ከሠልስት በኋላ አልጋቸው ሲነሣ ከፍራሹ ሥር የስድስቱም ወር መዋጮ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የወሩ ስም ተጽፎበት ተገኘ። በየወሩ ገንዘቡን ያዘጋጁ ነበር፤ መውሰዱን ግን ይረሱ ነበር።

ወገኖቻችን፤ በዚያ እድር ደንብ ተጣሰ ልንል አንችልም። ደንቡ በትክክል ተፈጽሟል። የጎደለው በራቸውን አንኳኩቶ «ምነው አባባ?» የሚል አንድ ሰው ነው። የእኛም ደንብ በዚህ ረገድ ከዚያ የተለየ አይደለም። መዋጮ ያላመጣ ሁሉ እምቢተኛ ወይም ድኻ ነው ብሎ የተጻፈ ነው። ረስቶ የሚቀር ሰው እንዳለ ደንቡ አያውቅም። የወር መዋጮ ሰብሳቢ ግን ከሐኪምም ከልጅም ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። የከፈለውን ደግሞ ሊከፍል የመጣውን፣ ደብተሩን ሦስቴ የጠፋበትን፣ ተራውን ጠብቆ ለምን እንደ መጣ የጠፋውን የሚያየው እርሱ ነውና።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የሚከተሉትን አምስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ. ዕድሜው ከስድሳ በላይ የሆነ አባል መዋጮ ቢያቋርጥ፣ ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ከቤተሰቡ ጋር ሳይነጋገሩና ለኮሚቴው ሳያስረዱ ስሙ እንዳይሰረዝ በደንባችን ይጻፍ። በሕመም ምክንያት የረሳ መሆኑ ከታወቀም ቅጣት አይቁጠርበት።

2ኛ. በእያንዳንዱ አባል የመዋጮ ደብተር ላይ አባሉ ራሱ የመረጠው የአንድ ቤተሰብ ወይም የቅርብ ሰው ስምና ስልክ ይመዝገብ። ይህ በፈቃድ ይሁን፤ የሕመሙ ዓይነት ግን በማንም ደብተር ላይ አይጻፍ። የሰው ገመና ነው።

3ኛ. የጤና ጣቢያውን ጠይቀን በዓመት ሁለት ጊዜ በመዋጮ መክፈያ ቀን የደም ብዛትና የስኳር ልኬት በዚሁ ግቢ ይደረግ። ሰው ለሐኪም ቤት ቀን ባይኖረው ለእድር ይመጣል።

4ኛ. በለቅሶ ቤት የተቀመጡ የስኳር ታማሚዎች ሰዓታቸው ሳያልፍ ምግብ ይቅረብላቸው። ኀዘንተኛው ራሱ ታማሚ ከሆነ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው አንድ ሰው ከአስተናጋጆች መካከል ይመደብ። በለቅሶ ላይ ስንት ሰው «ምርር ብሎት ወደቀ» ተብሎ የወደቀው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን እንደሚችል እናስብ።

5ኛ. የበሽተኛ ጠያቂ ቡድናችን ብቻቸውን የሚኖሩትንና መርሳት የጀመሩትን አባላት በወር አንድ ጊዜ ይጎብኝ። ሄዶ ቡና መጠጣትና የድሮ ጨዋታ ማንሣት ለጎብኚው ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ለተጎብኚው ግን የሕክምናው አካል ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። በብዛት የሚያስፈልገው እግርና ምላስ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ አባቶቻችን። በእርጥቡ የሚደረሰው ሐኪም ጋ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ጋም ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል ነገ ደብተሩን የሚረሳው ማን እንደሆነ አናውቅም። የትኛውም ሰው ሲረሳ፣ እድሩ እንዳይረሳው ዛሬ እንወስን።

ክቡር ዳኛ፣ ሐሳቦቹ አንድ በአንድ ለድምፅ እንዲቀርቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጥያቄ ያለው አባል ቢኖር የምናውቀውን እንመልሳለን፤ የቀረውን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ እናቀርባለን።